ጋሽ አድማሱና የልጃቸው ቤት

ጋሽ አድማሱ ማረፋቸውን የሰማሁት ሺሺንዳ ነው። የአክስቴ ልጅ ወልዳ ልጠይቃት ሄጄ፣ ወደ ቦንጋ የሚመለሰው ሚኒባስ እስኪሞላ ገበያው ዳር ቆሜ ሳለሁ ስልኬ ጠራ። የደወለው አብሮን የሚያስተምር ባልደረባዬ ነበር። «ሂሩት፣ ጋሽ አድማሱ ዐረፉ» አለኝ። ሌላ ነገር አልጨመረም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። መታመማቸውን አውቃለሁ፤ ከአልጋቸው አጠገብ ከተነሣሁም ብዙ አልቆየሁም ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ቆጮ በኮባ ጠቅልላ የያዘች ሴት ተቀምጣ ነበር። ፊቴን አይታ ሰው ሞቶብኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አስተማሪ መሞታቸውን ነገርኳት።

«ያንቺ አስተማሪ?» አለችኝ።

የኔ አስተማሪ አልነበሩም። እሳቸው ጂኦግራፊ፣ እኔ ባዮሎጂ የምናስተምር፣ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛችን ጎን ለጎን የሆነ የሥራ ባልደረቦች ነበርን። ግን «አዎ» አልኳት። እስካሁንም ውሸት የተናገርኩ አይመስለኝም።

ቦንጋ ተመድቤ ስመጣ ገና ልጅ ነበርኩ። የመጀመሪያ ቀን ማረፊያ ክፍሉ በር ላይ ቆመው የጫማቸውን ቀይ ጭቃ በእንጨት ሲፍቁ አገኘኋቸው። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው። ጥቁር ሰማያዊ ኮታቸው ፀሐይም ቢሆን ዝናብም ቢሆን እስከ ላይ እንደተቆለፈ ነው። ተወልደው ያደጉት እዚያው ካፋ፣ ዋጫ አካባቢ ነው። አማርኛን የተማሩት ትምህርት ቤት ገብተው ስለሆነ ይሁን አላውቅም፣ ቃል አያባክኑም ነበር። ቀስ ብለው፣ አንዱን ቃል አስቀምጠው ሌላውን ያነሣሉ። ሲናደዱ ብቻ ወደ አፍ መፍቻቸው ወደ ካፊኖኖ ይገቡና ይፈጥናሉ፤ ያን ጊዜ ተማሪው በሙሉ ዝም ይላል። እንጨቱን ሰጡኝና «ፍቂ። እዚህ አገር ከጭቃው ጋር ካልተስማማሽ ሥራ የለም» አሉኝ። ሌላ አቀባበል አልነበረም።

ተማሪዎች በስውር «ጋሽ ስምጥ ሸለቆ» ይሏቸዋል። እሳቸውም ያውቃሉ። ስያሜው የወጣላቸው በየዓመቱ በሚያስተምሩት በአንድ ትምህርት ምክንያት ነው። ከጋራዥ የለመኑትን የባጃጅ ጎማ ከመነዳሪ፣ የውስጡን ላስቲክ፣ በረጅሙ ይቆርጡና ይዘው ይገባሉ። ሁለት ተማሪ ጫፍና ጫፉን እንዲይዝ ያደርጋሉ። «ይህ መሬት ነው» ይላሉ። «እግራችን ሥር ያለው ድንጋይ አንድ ወጥ አይደለም፤ ታላላቅ ገበታ ሆኖ የተከፋፈለ ነው። በስምጥ ሸለቆው በኩል ገበታዎቹ እየተራራቁ ነው። ጎትቱ።» ልጆቹ ይጎትታሉ። «ከሥር ደግሞ የቀለጠ ድንጋይ መውጫ ፈልጎ ይገፋል። ጎትቱ።» ላስቲኩ እየሳሳ፣ እየነጣ ይሄዳል። «ዓመት ሙሉ እንዲህ ይጎተታል፤ እኛ አናውቅም፤ ሠርግ እንደግሳለን፣ ቤት እንሠራለን።» እያሉ መሃሉን በምላጭ ይነኩታል። ጧ ብሎ ይበጠስና አንዱ ልጅ እጁን ያራግፋል፤ ሌላው ይስቃል።

«የተበጠሰው አንድ ላስቲክ ነው» ይላሉ ያን ጊዜ። «ለምን አንዱን አሳመመው፣ ሌላውን አሳቀው? የዛሬ የቤት ሥራችሁ ይኼ ነው።»

ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ወሬ በተነሣ ቁጥር ቁጣ ነው የሚል ሰው አይጠፋም። ጋሽ አድማሱ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ናቸው፤ ከማንም ጋር በእግዚአብሔር ነገር አይከራከሩም። «መሬት ቂም አትይዝም» ብለው ብቻ ወደ ሻያቸው ይመለሳሉ።

አንድ ልጅ ነበረቻቸው፤ ትዕግስት። እናቷ የሞተችው ትዕግስት ገና ፊደል ሳትቆጥር ነው ይባላል። ዘመድ ልውሰዳት ሲል እምቢ ብለው ብቻቸውን አሳደጓት። የሰፈሩ ሴቶች እስካሁን የሚያወሩት ሹሩባ መሥራት መማራቸውን ነው። ጎረቤት ቤት ሄደው፣ ዱካ ላይ ቁጭ ብለው፣ አሻንጉሊት እንደያዘ ልጅ ክር እየጎነጎኑ ለመዱ። እኔ ትዕግስትን ያወቅኳት ነርስነት ተምራ፣ ወደ አዋሽ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ ክሊኒክ ከተቀጠረች በኋላ ነው። ለእረፍት ስትመጣ የአባቷን ኮት ቁልፍ እየፈታች «ትታፈናለህ» ትላቸዋለች። እሷ ፊቷን ስታዞር መልሰው ይቆልፉታል።

እዚያው አገር ዳዊት የሚባል፣ የጂቡቲ መንገድ ላይ ከባድ መኪና የሚነዳ ሰው አገባች። ኤደን ተወለደች። ቀጥሎ ቤት ሠሩ። ጋሽ አድማሱ በክረምት እረፍት ሄደው ግንባታውን አይተው መጡ፤ ሲያልቅ ደግሞ የተላከላቸውን የቤቱን ፎቶ በስልካቸው ለሁላችንም አሳዩን። የብሎኬት ቤት ነው። በሩ ሰማያዊ ነው። በሩ ላይ ኤደን ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ ቆማለች። የአንድ ልጄ ቤት፣ የአንድ ልጄ ቤት እያሉ ስልኩን ከአንዱ ወደ አንዱ ሲያዞሩ ያን ያህል የተደሰቱበትን ሌላ ጊዜ አላስታውስም።

ከዚያ በኋላ ነው በፈንታሌና በአዋሽ በኩል መሬት መንቀጥቀጥ የጀመረው። ሬዲዮው በየቀኑ ያወራል። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቻችን መብራቱ ተወዛወዘ፣ ከኮንዶሚኒየም ወርደን አስፋልት ላይ ቆምን እያሉ ይደውላሉ። ቦንጋ ምንም አልተሰማንም። እዚህ ዝናቡ ይዘንባል፣ ባጃጁ ዳገቱን ይወጣል፣ ትምህርት ይቀጥላል። ጋሽ አድማሱ ግን ከክፍለ ጊዜ ወደ ክፍለ ጊዜ ሲያልፉ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ነው። ቤት ውስጥ አትደሩ፣ ግድግዳ ሥር አትቀመጡ፣ ሸራ ዘርጉ ይሏታል። ትዕግስትም ሰማቻቸው። ከጎረቤቶቿ ጋር ሜዳ ላይ ሸራ ዘርግታ ከልጇ ጋር እዚያ ታድር ጀመር። ዳዊት መንገድ ላይ ነበር። ጥቂት ቀን ጸጥ ሲል ሰው ወደ ቤቱ መመለስ ጀመረ፤ እሷ ግን በአባቷ ቃል ጸናች። ማደሪያዋ ሸራው ሥር ሆነ። ለዕቃ ብቻ ቤት ትገባለች፣ ትወጣለች።

ለዕቃ እንደገባች ነው የቀረችው። ጠዋት፣ ኤደን ለመዋዕለ ሕፃናት የምትለብሰውን ሹራብ ልታመጣላት ገባች።

ወሬው መጀመሪያ የደረሰው ለርእሰ መምህራችን ነው፤ ዳዊት ከመንገድ ላይ ደወለለት። መርዶውን ማን ያርዳ ሲባል፣ ርእሰ መምህሩ፣ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌና እኔ ተመረጥን። ጎህ ሲቀድ ሄድን። ጉሙ ከጫካው ወርዶ ግቢያቸውን ሞልቶት ነበር። ሳናንኳኳ በሩ ተከፈተ። ኮታቸውን እስከ ላይ ቆልፈው፣ ጫማቸውን አስረው ቆመዋል። አንድ በአንድ አዩን። ርእሰ መምህሩ መንገዱን ሙሉ የሚለውን ሲያሰናዳ የመጣ ሰው፣ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ቤቱ ነው?» አሉ ጋሽ አድማሱ።

እኔ «አዎ ጋሼ» አልኩ።

«ኤደንስ?»

«ደህና ናት። ውጪ ነበረች።»

ደፉ ላይ ተቀመጡ። ሽማግሌው የማጽናኛ ቃል ሲጀምሩ እጃቸውን በትሕትና አንሥተው አስቆሟቸው። አላለቀሱም። «ለምን ገባች?» ብለው ጠየቁ። ያን ጊዜ ስለ ሹራቡ አናውቅም ነበርና ዝም አልን። ጎረቤቶች ጩኸት ሰምተው ሳይሆን ዝምታችንን አይተው መሰብሰብ ጀመሩ።

ትምህርት ቤቱ መኪና ፈልጎ ሰጠን። ከቦንጋ እስከዚያ ያለው መንገድ ሩቅ ነው፤ አድረን ነው የደረስነው። አገሩ በረሃ ነውና አልጠበቁንም፣ ቀብረዋታል። ጋሽ አድማሱ መቃብሩ ላይ ቆሙ፤ አፈሩን በእጃቸው ነኩ። ከዚያ ቤቱን አሳዩኝ አሉ። ሰዎቹ አያስፈልግም፣ ይቅርብዎት ብለው ለመኗቸው። እምቢ አሉ። እጄን ይዘው ሄዱ።

ያየሁትን እንዳየሁት ልናገር። አስፋልቱ አንድ ቦታ ላይ ሰው እግሩን የሚያስገባበት ስንጥቅ ነበረው። ከመንገዱ ማዶ፣ አርብቶ አደሮቹ በቅርንጫፍና በሰሌን የሠሯቸው ክብ ጎጆዎች እንዳሉ ናቸው፤ አንዲት ሴት ደጃፏ ላይ ፍየል ታልባለች። ትዕግስት ትሠራበት የነበረው ክሊኒክ ልስኑ ተሰነጣጥቆ ቆሟል። ከክሊኒኩ አጠገብ ባለው መንደር ደግሞ የብሎኬት ቤቶቹ አንዱ ወድቋል፣ አንዱ ዘሟል፣ አንዱ ምንም አልሆነም። ምንም ያልሆነው ቤት ሰዎች በረንዳው ላይ የወደቁትን ጎረቤቶቻቸውን ዕቃ ደርድረውላቸው ነበር። ጋሽ አድማሱ እየቆሙ ሁሉንም አዩ። ክሊኒኩን ረጅም ጊዜ አዩት። «ይኼ ኮለን አለው» አሉ፣ ማእዘኑ ላይ በብረት የቆመውን የሲሚንቶ ምሰሶ እያዩ፤ ለማንም አልነበረም የሚናገሩት።

የትዕግስት ቤት የፊቱ ግድግዳ እንዳለ ወደ ውስጥ ተደፍቷል። ሰማያዊው በር ከነመቃኑ ብሎኬቱ ላይ ተጋድሟል። ጋሽ አድማሱ የቤቱ ማእዘን የነበረበት ቦታ ሄደው ቁጢጥ አሉና ሲሚንቶውን በጥፍራቸው ፈተጉት። እንደ ዱቄት ተበተነ። ፌሮ ብረት ፈለጉ። እኔም አብሬ ጎንበስ ብዬ ፈለግኩ፤ አልነበረም።

«ሂሩት» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ። «እሷ የጭቃ ቤት ነበር ያሰበችው። እንጨት አቁማ፣ ማገር አዋቅራ። የአንድ ልጄ ቤት ጭቃ አይሆንም ያልኳት እኔ ነኝ። ክረምት ስመጣ ግድግዳው እዚህ ደርሶ ነበር።» ደረታቸውን በእጃቸው ለኩ። «ማእዘኑ ላይ ኮለን አልነበረም። አየሁት። ግንበኛው የዳዊት አጎት ነው። አማቶች ቤት እንግዳ ሆኜ፣ በተቀበሉኝ ማግስት፣ ሥራችሁ ልክ አይደለም ልበል? አየሁትና ዝም አልኩ። ለወግ ብዬ።»

ማንም አያስበውም ነበር አልኩ። «እኔ አስብ ነበር» አሉ። «ሥራዬ እሱ ነው።»

ኤደንን ያገኘናት ሸራው ሥር ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ ዓይኗ የእናቷ ነው። ጎረቤቶች እንደነገሩን ከዚያ ጠዋት ወዲህ ማንም ሰው ቤት ውስጥ ሊያስገባት አልቻለም። በእቅፍ ሊያስገቧት ሲሞክሩ ትጮሃለች። ዳዊት ስንመጣ ደርሶ ነበር፤ ፂሙ አድጎ፣ ዓይኑ ቀልቶ። መኪናውን ከተወ ሥራ እንደሌለው፣ ልጅቷን መንገድ ለመንገድ ይዟት እንደማይዞር ተናገረ። ጋሽ አድማሱ ስለ ግንበኛው አጎቱ አልጠየቁም፤ አልወቀሱም። «ልጅቷን ስጠኝ» አሉ፤ ሰጣቸው። አለቀሰ፤ እሳቸው ትከሻውን ያዙት።

ቦንጋ ስንደርስ ዝናብ ነበር። ኤደን ቤቱ በር ላይ ቆመችና አልገባም አለች። ጋሽ አድማሱ አልጎተቷትም፤ አልለመኗትምም። ከጎረቤት ሸራ ተውሰው ግቢው ውስጥ ዘረጉና እሳቸውም ከሥሩ ገቡ። የቦንጋ ዝናብ ደግሞ ሸራ የሚያውቅ ዝናብ አይደለም። በሳምንቱ የዋጫ ዘመዶቻቸው ቀርከሃ ጭነው መጡ፤ የሰፈሩ ወንዶች ደቦ ወጡ፤ ከጋሽ አድማሱ የቆርቆሮ ቤት ጎን ትንሽ የሣር ጎጆ ቆመች። ሥራው ሲሠራ ኤደን ዱካ ላይ ተቀምጣ ታያለች። እሳቸው እየመጡ ያስረዷታል፤ ይኼ ምሰሶ ነው፣ ይኼ ማገር ነው፣ ይኼ ማሰሪያው ልጥ ነው፣ አንዱ አንዱን ይዞታል ይሏታል። ጎጆዋ ስታልቅ ልጅቷ ተነሥታ ምሰሶውን በሁለት እጇ ይዛ ነቀነቀች። ሲጥ ሲጥ አለ። ደግማ ነቀነቀች። ጋሽ አድማሱም አብረዋት ይዘው ነቀነቁ። ከዚያ በኋላ ነው ውስጧ የተቀመጠችው።

ሁለቱ እዚያ ኖሩ። ያ የቆርቆሮ ቤት የመጻሕፍትና የጤፍ ማስቀመጫ ሆነ። አንዳንዱ ሰው የመምህር ነገር፣ ሐዘኑ አናታቸው ላይ ወጣ እያለ ያማቸዋል። ኤደን ትምህርት ቤት ስትገባ ክፍል ውስጥ አልቀመጥ ስላለች፣ መምህርቷ ዴስኳን በረንዳው ላይ፣ በሩ አጠገብ አደረገችላት። ዝናቡ ሲያዘነብል እግሯ ይርሳል። ግን ተማረች።

የዚያን ዓመት የጂኦግራፊ ትምህርት እንደተለመደው የመሬት መንቀጥቀጥ ምዕራፍ ላይ ደረሰ። ርእሰ መምህሩ ምዕራፉን ሌላ መምህር ያስተምረው ብሎ ጠየቃቸው። የለም አሉ። ምናልባት አንድ ነገር ቢሆኑ ብሎ እኔን ከኋላ እንድቀመጥ አደረገኝ።

ላስቲኩን አልያዙም። ጠመኔ አንሥተው ሰሌዳው ላይ አንድ ቤት ሳሉ። ጣራ፣ በር፣ ግድግዳ። አጠገቡ ክብ ጎጆ ሳሉ። ከሁለቱም ሥር መስመር አሰመሩ። መሬት በጎን ስትገፋ ጎጆዋ እንደምትታጠፍና እንደምትመለስ፣ ግድግዳው ግን ከባድ ስለሆነና ስለማይታጠፍ ማእዘኑ ላይ የሚይዘው ካላገኘ ብቻውን እንደሚቀር አስረዱ። ድምፃቸው እንደ ሁልጊዜው ነበር። አሸዋና ደለል ላይ ያለ ቤት ድንጋይ ላይ ካለው የበለጠ እንደሚንቀጠቀጥ፣ ንዝረቱ ከተነሣበት የራቀ ሰው መብራት ሲወዛወዝ ብቻ እንደሚያይ፣ ሰው ውጪ ሲሆንና ቤት ሲሆን ልዩነት እንዳለው ነገሯቸው። አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። አዲስ ገብቶ ነበርና ነገሩን አያውቅም።

«ቲቸር፣ ቤቱን ሲሠሩት ማንም አላየውም?» አለ።

ከኋላ ሆኜ ልነሣ አልኩ። ጋሽ አድማሱ ጠመኔውን በጣቶቻቸው ሲያዞሩት ቆዩ።

«አይተዋል» አሉ። «ይህ የልጄ ቤት ነው። እኔ አይቼዋለሁ። ማእዘኑ ባዶ እንደሆነ አይቼ፣ ሰው ይቀየመኛል ብዬ ዝም አልኩ።» አንዲት ልጅ ከፊት ማልቀስ ጀመረች። እሳቸው ጠበቋት፤ ከዚያ ቀጠሉ። «ፈተና ላይ የመሬት መንቀጥቀጥ ጉዳት በምን ይወሰናል ብለው ሲጠይቋችሁ፣ በርቀት፣ በጥልቀት፣ በአፈር ዓይነት፣ በቤት አሠራር ብላችሁ ጻፉ። ሙሉ ማርክ ታገኛላችሁ። ኑሮ ላይ ግን አንድ ጨምሩበት። አይቶ ዝም ባለ ሰው።»

ከዚያ የመማሪያ መጽሐፉን ገጽ ነግረዋቸው ወጡ። ያ ተማሪ ተከትሏቸው ሮጦ በኮሪደሩ ላይ ይቅርታ ሲጠይቃቸው፣ ራሱን ዳብሰው ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቅከው ማለታቸውን እሱ ራሱ ነግሮኛል።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ አድማሱ ዝም የማይሉ ሰው ሆኑ። ቦንጋ ውስጥ ብሎኬት የሚደረደርበት ቦታ ሁሉ ይቆማሉ። ኮለኑ የታለ፣ ማሰሪያው የታለ ይላሉ። ግንበኞች ከሩቅ ሲያዩዋቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። አቶ ጀማል የሚባሉ፣ ቤተሰቦቻቸው ከወሎ መጥተው የኖሩ ባለሱቅ ዳገቱ አፋፍ ላይ ሱቅ ሲያስገነቡ በየቀኑ ሄደው ቆሙባቸው። አቶ ጀማል ታጋሽ ሰው ናቸው፤ አንድ ቀን ግን ትዕግሥታቸው አለቀ።

«ጋሽ አድማሱ፣ ቦንጋ መቼ ተንቀጥቅጣ ታውቃለች?» አሏቸው፣ ሰው እየሰማ።

«አላውቅም» አሉ ጋሽ አድማሱ። «ልጆችህ ግን ውስጡ ይውላሉ።»

በማግስቱ ሥራው ቆመ፤ ማእዘኖቹ ፈረሱና ፌሮ ገባ። በቀብሩ ዕለት ከአቶ ጀማል ጋር ጎን ለጎን ቆመን ነበር። ኮለኑን ያቆሙት የመሬት መንቀጥቀጡን ፈርተው እንዳልነበረ ነገሩኝ። «ለእሳቸው ብዬ ነው። አንድ ሰው እንኳ ይስማቸው ብዬ» አሉኝ። ሱቁ አሁንም አለ፤ እስካሁን የነካው ነገር የለም፤ እሳቸው እንደሚሉት አላህ ያውቃል፣ ምናልባትም አይነካውም።

ባለፈው ዓመት ልባቸው ደከመ። መጀመሪያ ዳገቱን መውጣት አቃታቸው፣ ቀጥሎ እግራቸው አበጠ፣ ቀጥሎ ሆስፒታል አስተኟቸው። ኤደን ያን ጊዜ እኔ ዘንድ መጣች፤ ማለቴ ጎጆዋ ውስጥ እሷ ታድራለች፣ እኔ አብሬያት አድራለሁ። ጋሽ አድማሱ አንድ ነገር አጥብቀው ነገሩኝ። ልጅቷን ሆስፒታል እንዳላስገባት። ሕንጻው የሲሚንቶ ነው፣ ፎቅ ነው፣ በር ላይ ቆማ ስትንቀጠቀጥ ማየት አልችልም አሉኝ። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስትወጣ እወስዳታለሁ፣ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ትቆማለች፣ እሳቸው ተደግፈው ወደ መስኮቱ ይመጣሉ። እጃቸውን ያነሣሉ፤ እሷም ታነሣለች። የሚሉት ባይሰማትም አፋቸው ሲንቀሳቀስ ታያለች። ካፊኖኖ ነው የሚያወሯት፤ እሷም ከንፈራቸውን አይታ ትመልሳለች።

ሺሺንዳ ከመሄዴ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ግን መስኮቱ ላይ ሳይመጡ ቀሩ። ጠበቅን። ወደ ውስጥ ገብቼ አየኋቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው በኃይል ይተነፍሳሉ። ስወጣ ኤደን ቦታዋን አልለቀቀችም።

«ዛሬ ለምን አልመጣም?» አለችኝ።

ልዋሻት አሰብኩ፤ አልሆነልኝም። «መነሣት አቅቶት ነው» አልኳት።

ሕንጻውን ከታች እስከ ላይ አየችው። «አልጋው ከበሩ ይርቃል?»

«ኮሪደሩን አልፈሽ፣ በስተግራ።»

ቀሚሴን ያዘች። ምን ልታደርግ እንደሆነ የገባኝ ደረጃው ሥር ስንደርስ ነው። አያቷ እንደከለከሉኝ ነገርኳት፤ የሰማችኝ አይመስለኝም። ደፉ ላይ ቆማ ትንፋሿን ያዘች፣ ከዚያ እግሯን አነሣች። ኮሪደሩን መሃል ለመሃል፣ ከግድግዳ እየራቀች፣ ጣራውን እያየች ሄደች። ፊቷ ላብ ሆኗል። ቀሚሴ እስኪቀደድ ድረስ ትጎትተዋለች፤ ግን ወደ ፊት ነው የምትጎትተው። ክፍሉ በር ላይ ቆም አለችና ማእዘኖቹን አንድ በአንድ ተመለከተች። ከዚያ ለቀቀችኝና ወደ አልጋው ሄደች።

ጋሽ አድማሱ ዓይናቸውን ገለጡ። እሷን አዩ፤ ጣራውን አዩ፤ ተመልሰው እሷን አዩ።

«ኤዱ፣ ማን አስገባሽ?»

«ራሴ ነኝ የገባሁት።»

ያን ጊዜ ነው ጋሽ አድማሱ ሲያለቅሱ ያየሁት፤ መርዶ የተረዱ ዕለት ያላለቀሱት ሰው። እንባቸው በጆሯቸው በኩል ወደ ትራሱ ይወርዳል፤ ለመጥረግ እጃቸው አልደረሰም። «ውጪ ጠብቂኝ፣ እሺ? ከዛፉ ሥር» አሏት።

«አልወጣም» አለች።

ጫማዋን አወለቀች። አልጋው ላይ ወጥታ ከጎናቸው ተኛችና ፊቷን ኮታቸው ውስጥ ቀበረች፤ ሆስፒታልም ሆነው ኮቱን አላወለቁም ነበር። እሳቸው እጃቸውን በጭንቅ አንሥተው ጭንቅላቷ ላይ አደረጉት፤ ጣቶቻቸውን ዘርግተው፣ አናቷን በሙሉ ሸፍነው። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። ውጪ ዝናቡ ጀመረ። ብዙ ሳይቆዩ ሁለቱንም እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ እጃቸው ግን ከአናቷ ላይ አልወረደም።